ትርፉን ቦታ ማን ይውሰደው? መስኮትን በረድፍና በዓምድ ስለመደርደር

ጥያቄው የመጣው ከኮምቦልቻ ነው። ፍሬ ነገሩ ይህ ነው፦

«ሰላም ጋሼ። ለአጎቴ የእህል መጋዘን ገቢና ወጪ መመዝገቢያ ፕሮግራም እየሠራሁላቸው ነው። በፓይተን ነው፣ መስኮቱን በፓይተን የመስኮት መሥሪያ በቲኬኢንተር። ሌብሎቹን (የሳጥኖቹን ስያሜዎች) እና መጻፊያ ሳጥኖቹን በግሪድ፣ ማለትም በረድፍና በዓምድ፣ ደርድሬያቸዋለሁ። እኔ ላፕቶፕ ላይ ያምራል። አጎቴ ግን ማክሲማይዝ ሲያደርጉት ሁሉም ነገር ላይኛው ግራ ጥግ ላይ ተጨምቆ ይቀራል። ሌላው ደግሞ፣ ከታች አንድ ረጅም ማሳሰቢያ ስጨምርበት ላይ ያሉት ሳጥኖች ከሌብሎቻቸው ርቀው ሄዱ። አንድ ጓደኛዬ ‹ግሪዱን ተይው፣ በፕሌስ እያንዳንዱን በፒክስል አስቀምጪው› አለኝ። ልቀይረው ወይ?»

አትቀይሪው፣ እህቴ። የመረጥሽው ትክክለኛውን ነው። የጎደለው አንድ ነገር ነው፤ መስኮቱ ሲሰፋ የሚመጣውን ትርፍ ቦታ ማን እንደሚወስደው ለግሪዱ አልነገርሽውም። ካልተነገረው ለማንም አይሰጥም። የመጀመሪያው ችግርሽ ሙሉ በሙሉ ከዚህ የመጣ ነው። ሁለተኛውም ከዚህ ሩቅ አይደለም።

ጓደኛሽ የመከረሽን ነገር ላስቀድም። ፕሌስ ማለት «ይህን በተን ከግራ 240፣ ከላይ 310 ፒክስል ላይ አኑረው» ማለት ነው። አንቺ ስክሪን ላይ ለክተሽ ስታስቀምጪው ልክ ይመጣል። ግን ፕሮግራሙ የሚኖረው አንቺ ስክሪን ላይ አይደለም። መጋዘኑ ውስጥ ያለው ኮምፒውተር ሌላ ነው፣ ፎንቱ ሌላ ነው፣ የስክሪኑ ስፋት ሌላ ነው። አጎትሽም ትንሽ ቆይተው «ፊደሉ አነሰብኝ፣ አተልቂልኝ» ማለታቸው አይቀርም። ያኔ ሌብሉ ይሰፋል፤ ሳጥኑ ግን በፒክስል የታሰረ ስለሆነ ካለበት አይነቃነቅም። አንዱ አንዱ ላይ ይወጣል። ፕሌስ በመቶኛም መሥራት ይችላል፣ አንድን ነገር ከሌላው በላይ ለመደረብም ጥሩ ነው። ለመመዝገቢያ ቅጽ ግን አይሆንም። እኔ ደሴ ውስጥ ለመድኃኒት ቤትና ለሱቅ እንዲህ ያሉ ፕሮግራሞችን እሠራለሁ፤ ከሌላ ሰው ተረክቤ እንዳስተካክል ከሚመጡልኝ ውስጥ አስቸጋሪዎቹ በፒክስል የተደረደሩት ናቸው። አንድ ሳጥን ለመጨመር ከታች ያለውን ሁሉ ማንቀሳቀስ ነው።

አሁን ግሪዱ ውስጥ ምን እንደሚካሄድ እንይ። አንዴ ከገባሽ ሌላው ሁሉ ይቀልሻል።

ግሪድ ሥራውን የሚጀምረው በመጠየቅ ነው። እያንዳንዱን ሌብል፣ ሳጥንና በተን «ስንት ቦታ ትፈልጋለህ?» ይለዋል። ከዚያ አንድ ዓምድ ውስጥ ካሉት ሁሉ ሰፊውን ይወስድና የዓምዱን ስፋት በእሱ ይወስናል። ረድፍም እንደዚሁ ነው፤ ከፍታው የሚወሰነው በረጅሙ ነው። ሁሉም ሲደመር የመስኮቱ የተፈጥሮ መጠን ይወጣል። ፕሮግራሙ ሲከፈት የምታዪው ያ መጠን ነው። ረድፍም ዓምድም የሚቆጠሩት ከ0 ነው። ምንም ያልተቀመጠበት ረድፍ ከፍታው ዜሮ ነው። ስለዚህ ክፍተት ለመፍጠር ብለሽ ከረድፍ 2 ወደ ረድፍ 10 ብትዘዪ ምንም ክፍተት አይመጣም። ክፍተት የሚሰጡት ፓድኤክስ (ከግራና ከቀኝ) እና ፓድዋይ (ከላይና ከታች) ናቸው።

ሁለተኛው ችግርሽ እዚህ ላይ ተፈታ። ረጅሙን ማሳሰቢያ ዓምድ 0 ላይ አስቀመጥሽው፤ ሌብሎቹም ያሉት ዓምድ 0 ላይ ነው። ዓምዱ በማሳሰቢያው ልክ ሰፋ። ሳጥኖቹ ዓምድ 1 ላይ ስለሆኑ ወደ ቀኝ ተገፉ። ግሪዱ የታዘዘውን ነው ያደረገው። መፍትሔው ማሳሰቢያውን ሁለቱንም ዓምዶች እንዲይዝ ማድረግ ነው። ግሪድ ስትዪው «ኮለምስፓን=2» ጨምሪበት። ጽሑፉ በጣም ረጅም ከሆነ ደግሞ ሌብሉ ላይ «ራፕሌንግዝ» የሚለውን በፒክስል ስጪው፣ መስመር ይሰብራል። ያለዚያ ሁለቱም ዓምዶች ለእሱ ሲሉ ይለጠጣሉ።

(ትዕዛዞቹን በድምፃቸው ነው የምጽፍልሽ። ኮዱ ላይ እንደምታውቂው በላቲን ፊደል ናቸው።)

ወደ ዋናው እንምጣ። አጎትሽ መስኮቱን ሲያሰፉት ምን ይሆናል? ግሪዱ የተፈጥሮ መጠኑን ያውቃል፤ መስኮቱ ከዚያ በላይ ሆነ። ትርፍ ቦታ ተገኘ። ግሪዱ ዓምዶቹን አንድ በአንድ ያይና ዌይት፣ ማለትም ከትርፉ የሚደርሰውን ድርሻ የሚናገር ቁጥር፣ ያለው ዓምድ ይፈልጋል። ምንም ካላልሽ የሁሉም ዌይት 0 ነው። 0 ማለት «እኔ አልፈልግም» ማለት ነው። ሁሉም አልፈልግም ካሉ ትርፉ ባዶውን ይቀራል፣ ቅጹም ላይኛው ግራ ጥግ ላይ ይቀመጣል። አጎትሽ የሚያዩት ይህንን ነው።

ዌይት የሚሰጠው ለሳጥኑ አይደለም። የሚሰጠው ለዓምዱ ነው፣ ዓምዱ ደግሞ የወላጁ፣ ማለትም ሳጥኖቹን በውስጡ የያዘው ነገር፣ ነው። ስለዚህ ትዕዛዙ የሚጻፈው ወላጁ ላይ ነው፦ «ፎርም.ኮለምኮንፊገር(1, ዌይት=1)»። ለረድፍ ደግሞ «ሮውኮንፊገር» አለ።

ብዙ ሰው ይህን ይጽፍና «ምንም አልተለወጠም» ይላል። ምክንያቱ ሌላ ነገር መቅረቱ ነው፤ ስቲኪ። ዌይት ክፍሉን ያሰፋዋል። ክፍሉ ውስጥ ያለው ሳጥን ግን በራሱ አይሰፋም፤ ምንም ካልተባለ መሀል ላይ ይቆማል። ስቲኪ ሳጥኑን ከክፍሉ ግድግዳዎች ጋር ያጣብቀዋል። የሚወስደው የአራቱን አቅጣጫዎች የእንግሊዝኛ መጀመሪያ ፊደል ነው። ኢ እና ደብሊው አብረው ከተሰጡት ከምሥራቅም ከምዕራብም ይያዝና ወደ ጎን ይለጠጣል። ኢ ብቻውን ከሆነ ሳይለጠጥ ወደ ቀኝ ይጠጋል። አራቱም ከተሰጡት ክፍሉን ይሞላዋል። ዌይት ያለ ስቲኪ ከሆነ ክፍሉ ሰፍቶ ሳጥኑ መሀል ይንሳፈፋል። ስቲኪ ያለ ዌይት ከሆነ ሳጥኑ ክፍሉን ይሞላል፣ ክፍሉ ግን አያድግም። ሁለቱ አብረው ነው የሚሠሩት።

ሦስተኛው ነገር ሰንሰለቱ ነው፤ እዚህ ላይ ቆም ብለሽ አንብቢልኝ። ሳጥንሽ ፎርም የሚባል ፍሬም (ሌሎችን የሚይዝ መያዣ) ውስጥ ነው። ፎርሙ ዋና ፍሬም ውስጥ ሊሆን ይችላል። ዋናው ፍሬም ሩት፣ ማለትም መስኮቱ ራሱ፣ ውስጥ ነው። መስኮቱ ሲሰፋ ትርፉን መጀመሪያ የሚያገኘው ሩት ነው። ሩት ለዋናው ፍሬም ካላሳለፈው ዋናው ፍሬም ለፎርሙ የሚሰጠው የለውም። ስለዚህ በየደረጃው ሁለት ነገር ያስፈልጋል፦ ወላጁ ላይ ዌይት፣ ልጁ ላይ ስቲኪ። አንዷ ደረጃ ከተዘለለች ከእሷ በታች ያለው ሁሉ ቆሞ ይቀራል። በብዛት የሚረሳው የሩት ነው። የት እንደተቋረጠ ለማወቅ ቀላሉ ዘዴ ፍሬሞቹን ለጊዜው ቀለም መቀባት ነው። አንዱን ቢጫ፣ አንዱን አረንጓዴ አድርጊና መስኮቱን ጎትተሽ አስፊው። የትኛው ቀለም አብሮ ማደግ እንዳቆመ ዓይንሽ ያየዋል። ለዚህ የተለመደውን የቲኬ (ቲኬኢንተር የቆመበት መሣሪያ) ፍሬም ተጠቀሚ፤ በስታይል የሚሠራው የቲቲኬው ፍሬም የጀርባ ቀለምን በቀጥታ አይቀበልም።

ዌይት ላይ አንድ የሚያሳስት ነገር አለ። ለአንዱ ዓምድ 1፣ ለሌላው 3 ስትሰጪ «ሁለተኛው የመጀመሪያውን ሦስት እጥፍ ይሆናል» ብለሽ ትጠብቂያለሽ። አይሆንም። ዌይት የሚያከፋፍለው ደሞዙን ሳይሆን ጭማሪውን ነው። ሁለቱም መጀመሪያ የሚገባቸውን ይወስዳሉ፣ ከዚያ የተረፈው ለአንዱ አንድ እጅ፣ ለሌላው ሦስት እጅ ይደርሰዋል። ጠቅላላ ስፋታቸው በትክክል በልክ እንዲከፋፈል ከፈለግሽ «ዩኒፎርም» የሚል አማራጭ አለ። ለዓምዶቹ አንድ ዓይነት የቡድን ስም ትሰጪያቸዋለሽ፤ ከዚያ በኋላ ስፋታቸው በዌይታቸው ልክ ይሆናል። ከታች ያሉት «መዝግብ»፣ «አስተካክል» እና «ሰርዝ» በተኖች እኩል እንዲሆኑ የምታደርጊው በዚህ ነው። ዌይታቸው እኩል፣ ዩኒፎርማቸው አንድ፣ ስቲኪያቸው ምሥራቅ ምዕራብ።

ዌይት ቦታ ሲጠብም ይሠራል። መስኮቱ ከተፈጥሮ መጠኑ ሲያንስ ቦታ የሚቀነስባቸው ዌይት ያላቸው ናቸው። ዌይታቸው 0 የሆኑት አይነኩም። ይህ ለመጋዘኑ ስክሪን ትልቅ ነገር ነው። የመዝገቡን ዝርዝር የያዘው ረድፍ ብቻ ዌይት ካለው፣ ስክሪኑ ትንሽ ሲሆን የሚያጥረው ዝርዝሩ ነው፤ «መዝግብ» የሚለው በተን ከታች ተቆርጦ አይጠፋም።

ታዲያ ያንቺን መስኮት እንዴት ብንሠራው ይሻላል? እኔ ብሆን ሁሉንም አንድ ትልቅ ግሪድ ውስጥ አልከትም። አጎትሽ የሚሠሩትን ሥራ ተመልከቺ። ላይ የገባውን እህል ይመዘግባሉ፣ መሀል ላይ የተመዘገበውን ያያሉ፣ ታች በተኖች አሉ። ሦስቱ የየራሳቸው ጠባይ አላቸው። ሦስት ፍሬም ይሁኑ። ሩት አንድ ዓምድና ሦስት ረድፍ ይኖረዋል። የሩት ዓምድ 0 ዌይቱ 1 ነው። ከረድፎቹ ውስጥ ዌይት የሚሰጠው ረድፍ 1 ብቻ ነው፤ ዝርዝሩ ያለበት። አጎትሽ ሰኞ ሰኞ ከባቲ ገበያ የሚያስገቡ ከሆነ የዚያን ቀን ዝርዝሩ ረጅም ነው። ትርፍ ቦታ የሚጠቅመው እሱን ነው። የመጻፊያ ሳጥን ወደ ታች ቢለጠጥ ለማንም አይጠቅምም።

የላይኛው ፎርም ውስጥ ሌብሎቹ ዓምድ 0 ላይ፣ ዌይታቸው 0፣ ስቲኪያቸው ምሥራቅ ይሁን። «የነጋዴው ስም»፣ «የእህሉ ዓይነት»፣ «ኩንታል» ሁሉም ወደ ሳጥኖቻቸው ተጠግተው ይሰለፋሉ። ሳጥኖቹ ዓምድ 1 ላይ፣ ዌይት 1፣ ስቲኪ ምሥራቅ ምዕራብ። ሰፊ ስክሪን ካለ ሁለት ጥንድ ጎን ለጎን ማድረግ ትችያለሽ፤ ያኔ ዓምድ 3ም ዌይት ያስፈልገዋል።

ስምና ቀን ላይ ተጠንቀቂ። እኛ ጋ ስም ሦስት ሳጥን ነው፤ ስም፣ የአባት ስም፣ የአያት ስም። ቀንም በእኛ አቆጣጠር ሦስት ነው፤ ቀን፣ ወር፣ ዓመተ ምሕረት፤ ወሩ ደግሞ ጳጉሜንን ጨምሮ 13 ምርጫ ያለው ኮምቦቦክስ። እነዚህን በቀጥታ ፎርሙ ግሪድ ውስጥ ብትደረድሪያቸው ሌላው ረድፍ ሁሉ በእነሱ ዓምዶች ይበጣጠሳል፤ «ማስታወሻ» የሚለው አንድ ሳጥን ሦስት ዓምድ እንዲይዝ ኮለምስፓን ትሰጪዋለሽ፣ ነገ አራተኛ ሳጥን ሲጨመር ቁጥሮቹን ሁሉ ትቀይሪያለሽ። ይልቅ ሦስቱን አንድ ትንሽ ፍሬም ውስጥ ክተቺና ፍሬሙን እንደ አንድ ሳጥን ዓምድ 1 ላይ አስቀምጪው። ውስጡ የራሱ ግሪድ አለው። ለውጩ ፎርም አንድ ነገር ብቻ ነው።

እዚህ ላይ ሌላውን የመደርደሪያ ዘዴ፣ ፓክን፣ ማንሳት አለብኝ። ፍሬሞች ሲበዙ አንዱ ውስጥ ፓክ፣ ሌላው ውስጥ ግሪድ መጠቀም ይቻላል። አንድ ወላጅ ውስጥ ግን ሁለቱን አትቀላቅዪ። የአሁኑ ቲኬ ስሕተት ብሎ ይነግርሻል። የድሮው ግን ሁለቱ አስተዳዳሪዎች እርስ በርስ እየተሻሙ ፕሮግራሙን ያንጠለጥሉት ነበር። ኮምፒውተሩ ያረጀ ከሆነ «ሃንግ አደረገ» የሚለው ቅሬታ ከዚህም ሊሆን ይችላል።

ስለ አማርኛ ፊደል የተለየ ነገር አለ፣ መጽሐፍቱ ላይ ብዙም አታገኚውም። ኢንትሪ (መጻፊያ ሳጥኑ) ላይ «ዊድዝ=20» ስትዪ 20 ፊደል ይይዛል ብለሽ ታስቢያለሽ። ቲኬ የሚለካው ግን በፎንቱ የዜሮ አኃዝ ስፋት ነው። የግዕዝ ፊደላት ከዜሮ ይሰፋሉ። ስለዚህ 20 የተባለው ሳጥን ከ20 ያነሰ የአማርኛ ፊደል ነው የሚያሳየው። «አብዱልቃድር» ወይም «ወልደ ሚካኤል» የመሰለ ስም ሲገባ ጫፉ ይደበቃል። ቁጥሩን በግምት ከመጨመር ይልቅ ዊድዙን መነሻ አድርጊውና ዓምዱ እንዲለጠጥ ዌይት ስጪው። ፎንቱንም አንቺው ምረጪ። ዊንዶውስ 10 ላይ ኤብሪማ አለ፣ ግዕዝን ይይዛል። የድሮው ዊንዶውስ 7 ላይ ኒያላ ነበረ። ሳትመርጪ ብትተዪው ዊንዶውሱ ራሱ ምትክ ፎንት ይፈልግልሻል፣ የምትኩ ስፋትና ከፍታ ግን ከኮምፒውተር ኮምፒውተር ይለያያል። አንቺ ጋ ያማረው እሳቸው ጋ የሚዛነፍበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

ከዚሁ ጋር የሚሄድ አንድ ነገር፦ ዝርዝሩን በትሪቪው (በቲቲኬው የሠንጠረዥ ማሳያ) ከሠራሽው፣ በተለመደው የቲኬ 8.6 ስሪት የረድፉ ከፍታ ፎንት ስታተልቂ አብሮ አያድግም። 20 ፒክስል ላይ ይቆማል። የ«ሏ» እና የ«ቧ» እግር ይቆረጣል። ስታይሉ ላይ «ሮውሃይት» የሚለውን አንቺው አስተካክዪው። ከፎንቱ «ላይንስፔስ» (የአንድ መስመር ከፍታ) ላይ ወስደሽ ጥቂት ፒክስል ብትጨምሪበት ፎንቱ በተቀየረ ቁጥር እጅሽን አይፈልግም።

በዱቤ የሚሸጡ ከሆነ «የተበዳሪው ስልክ» የሚል ረድፍ ያስፈልግሽ ይሆናል፣ ዱቤ ሲመረጥ ብቻ የሚታይ። ለዚህ «ግሪድ ሪሙቭ» ነው የሚሻለው። ሳጥኑን ይደብቀዋል፣ የነበረበትን ረድፍ፣ ዓምድና ስቲኪ ግን ያስታውሳል። ሲፈለግ ባዶ ግሪድ ብትዪው ወደ ቦታው ይመለሳል። «ግሪድ ፎርጌት» ግን ሁሉንም ይረሳል። ሌብሉም ሳጥኑም ሲደበቁ ረድፉ ዜሮ ይሆናል፣ ከታች ያሉት ወደ ላይ ይጠጋሉ። ሚንሳይዝ (ዝቅተኛ መጠን) የሰጠሽው ረድፍ ከሆነ ብቻ ነው ባዶውን የሚቀመጠው።

አንዲት የተለመደች ወጥመድም አለች። ሳጥኑን ፈጥረሽ እዚያው መስመር ላይ ግሪድ ካልሽውና ውጤቱን በስም ከያዝሽው፣ ስሙ የሚይዘው ሳጥኑን ሳይሆን «ነን» (ምንም) ነው። ግሪድ ምንም አይመልስም። በኋላ የተጻፈውን ለመውሰድ «ጌት» ስትዪ ፕሮግራሙ ስሕተት ይላል። ሁለት መስመር አድርጊው።

ነገ ወደ ሌላ መሣሪያ ብትሄጂ ይህ እውቀት አይባክንም። ኪውቲ ላይ ኪውግሪድሌያውት አለ፤ ዌይት የምንለውን እዚያ ስትሬች ይሉታል። የማይክሮሶፍቱ ደብሊውፒኤፍ ደግሞ ዓምዱን «አውቶ» ወይም ኮከብ ትዪዋለሽ። አውቶ በይዘቱ ልክ ነው። ኮከብ የተባሉት ከአውቶዎቹ የተረፈውን ሁሉ በልክ ይካፈላሉ። እዚያ 2 ኮከብ የአንድ ኮከብ እጥፍ ነው፤ ከቲኬ ዌይት የሚለየው በዚህ ነው። ጃቫ ስዊንግ ላይ ግሪድባግሌያውት አለ፤ ዌይቱንም መለጠጡንም ለየብቻ ይጠይቅሻል፣ እንደ ቲኬ።

ስትጨርሺ ሩት ላይ ሚንሳይዝ ስጪው። መጀመሪያ ድርደራውን እንዲጨርስ «አፕዴት አይድልታስክስ» በዪ፣ ከዚያ መስኮቱ የሚፈልገውን ስፋትና ከፍታ ጠይቂውና የፎርሙና የበተኖቹ ቦታ የማይነካበትን ልክ አስቀምጪ። መጋዘኑ ያለው ላፕቶፕ 1366 በ768 ከሆነ መስኮቱ ከዚያ እንዳይበልጥ እይ። እዚያው ስክሪኑ ላይ ሄደሽ ፎንቱን ወደ 14 አተልቂና ሞክሪው። ማክሲማይዝ አድርጊ፣ መልሰሽ አሳንሺ። የሚሰበር ነገር ካለ ያኔ ይታይሻል።

የቀረኝ ትሪቪው ውስጥ ያሉት ዓምዶች ናቸው። እነሱ የግሪዱ ዓምዶች አይደሉም፤ ዌይት አያውቁም። የራሳቸው «ስትሬች» አላቸው፣ አጀማመሩም የግሪዱ ተቃራኒ ነው፦ ካልነገርሽው ሁሉም ይለጠጣሉ። ስለዚህ ቀን፣ ኩንታልና ዋጋ ላይ አጥፊው፤ የነጋዴው ስምና ማስታወሻው ብቻ ይለጠጡ። ስክሮልባሩን ከዝርዝሩ ጎን ዓምድ 1 ላይ ዌይት 0 አድርገሽ፣ ስቲኪውን ሰሜን ደቡብ ብቻ ስጪው። የቁጥር ዓምዶቹን አንከር (ጽሑፉ የሚጠጋበትን ጎን) ደግሞ ወደ ምሥራቅ አድርጊው፤ ቁጥሮቹ በቀኝ በኩል ሲሰለፉ አጎትሽ 8 ኩንታልና 80 ኩንታልን ሳያሳስታቸው ያነባሉ።